ስንዴ ስታጠጣ ሠራተኛ፣ ስትራብ ተማሪ

ለተከበሩ የሥራ አጥ ድጎማ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡርነትዎ፣ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብ፣ ጤና፣ ጉልበት ደህና ነው? ጉልበትዎን ለይቼ የምጠይቀው ያለ ነገር አይደለም፤ የእኔ ጉልበት ጡረታ ወጥቶ ነበር፣ በመሥሪያ ቤትዎ ቸርነት ባለፈው ወር ወደ ሥራ ተመልሷል። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ወንበርዎንም ያጽናልዎ። እኔ የማውቀው ወንበር ሁሉ ጎማ ያለው ስለሆነ፣ የማይነቃነቅ ወንበር ስሰማ ይደንቀኛል።

ባህሩዲን እባላለሁ፣ የምኖረው ክሪስታል ነው፤ ፎርት ስኔሊንግ አውሮፕላን ማረፊያ ዊልቸር ስገፋ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ማንበብና መጻፍ አልችልም፤ አላፍርበትምም። ቃሌን እየተቀበለች የምትጽፈው ልጄ ሻሂዳ ናት። “አባ፣ ይሄ ይቅር፣ ስድብ ነው” እያለች ልታለዝብብኝ ስለምትሞክር፣ ለስለስ ያለ ቦታ ካገኙ የእሷ ነው፣ የእኔ አይደለም። በአማርኛ ማስጻፌም ድፍረት አይደለም፤ አስተርጓሚ አለን ያለኝ ስልካችሁ ራሱ ነው።

ከአቤቱታ ምስጋና ይቀድማል። በወረርሽኙ ጊዜ አውሮፕላኑ ሁሉ ቆሞ፣ የሚገፋ መንገደኛ ጠፍቶ ከሥራ ስንቀነስ፣ መሥሪያ ቤትዎ፣ እኛ አንኢምፕሎይመንት የምንለው ማለቴ ነው፣ ስሜን እንኳ መጻፍ የማልችለውን ሰው ሳያንገራግር ደግፎኛል። ማመልከቻውን ኦንላይን የሞላችልኝ ይህችው ሻሂዳ ነበረች። ለእኔ ስትጽፍ ያመናችኋት ልጅ ለራሷ ስትጽፍ ግን አልሆነላትም። እኔ ሳልማር ያገኘሁትን ዋስትና እሷ በመማሯ አጣችው። መሃይምነትን እንዲህ ያከበረ መንግሥት በዕድሜዬ አላየሁምና በራሴና በመሰሎቼ ስም አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሻሂዳ የዶክትሬት ተማሪ ናት። የምታጠናው የስንዴ ዋግን ነው፤ ያንን ቅጠሉ ላይ እንደ ዝገት እየወጣ የስንቱን ገበሬ ጎተራ ባዶ ያስቀረውን። ሴንት ፖል፣ የመስታወት ቤት ውስጥ፣ ዋግ የማይደፍረው ስንዴ ለማግኘት ስታዳቅል አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች።

አንደኛ፤ ያለፈው ኢድ ዕለት ሰግደን ገና ሳንበታተን ስልኳ ጮኸ። የማጠጫው ቧንቧ ተበላሽቶ ኖሮ መምህሯ ስንዴው ሊደርቅ ነው አሏት። በኢድ ልብሷ ሄዳ ጭቃ በጭቃ ሆና ተመለሰች። “ኢድ የለሽም ወይ?” ብዬ ብቆጣት “አባ፣ ሥራ ነው” አለችኝ። ደመወዝ ነበራትና አመንኳት። ከደመወዟ ግብር የሚቀበለውም ክፍል ‘ይህችማ ተማሪ ናት’ ብሎ ግብሩን ሲመልስ አላየሁም።

ሁለተኛ፤ በረዶው ሲቀልጥ የጥናቱ ግራንት፣ የምርምሩ ገንዘብ ማለት ነው፣ ተቋረጠ ተባለ፣ ደመወዟም አብሮ ቀረ። መሥሪያ ቤትዎ ዘንድ አፕላይ አደረገች። የመጣላት መልስ፣ እዚያ የሠራሽው ተማሪ ሆነሽ ስለሆነ አይቆጠርም የሚል ነው። ስንዴው ግን ቆጥሮታል፤ ሄደው ቁመቱን ይዩት።

ሦስተኛው ነው የሚያንገበግበኝ። በስልክ “ሥራ ለመጀመር ዝግጁ ነሽ ወይ?” ተባለች። ልጄን ውሸት ሳላስተምራት ቀርቼ፣ ጠዋት ጠዋት ያለ ደመወዝ ሄዳ ስንዴዋን እንደምታጠጣ ተናገረች። ካልጠጣ ይሞታል፤ ከሞተ የደከመችበት ዓመት ሁሉ አብሮት ይሞታል። “እንግዲያው ሥራ ፈላጊ አይደለሽም” አሏት። ሥራ ፈት እንዳትባል ሥራ አላት፤ ሠራተኛ እንዳትባል ተማሪ ናት፤ ተማሪ ናት ብለን ትምህርት ቤቷን ስንጠይቅ ደግሞ ገንዘብ የለም።

አራተኛ የምለው ነበረኝ፣ ጠፋኝ። ያስጠፋኝ የስልካችሁ የማስጠበቂያ ሙዚቃ ሳይሆን አይቀርም። እሱን እንኳ እየጠበቅኩ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ሠርግ ካለባችሁ ጥሩኝ።

በተወለድኩበት ወሎ ደረሳ የሚባል አለ። ከሩቅ አገር መጥቶ ሸህ እግር ሥር ቁጭ ብሎ የሚቀራ፣ የሚማር ልጅ ነው። እናቱን ማንም አያውቃት፤ መንደሩ ግን ቀን ተከፋፍሎ ያበላዋል። ሠራተኛ ነህ ወይስ ተማሪ ብሎ የጠየቀው ሰው አልሰማሁም። እኔ አልቀራሁም፤ ያበላሁት ደረሳ ግን ቀርቷል፣ ለእኔ ይበቃኛል።

ሻሂዳ ትምህርቷን ትታ መጋዘን ልትቀጠር ስትነሳ “ለአንድ ዓመት ብቻ ነው አባ” አለችኝ። ስንዴ አንድ ዓመት ቆይ ቢሉት እንደማይቆይ የነገረችኝ ራሷ ናት። ስለዚህ ጁምዓ ዕለት ፍሮግታውን ሰፈር ባለው መስጊዳችን ደጅ ቆሜ “ቤቴ ደረሳ አለ፣ የሚበላው የለውም” አልኩ። ሰዉ ቁርአን ሊቀራ የመጣ የአገር ቤት ልጅ መሰለው። በማግስቱ ከሰጋጆቹ አንዷ፣ ወይዘሮ ፈነት፣ ድስት ተሸክማ መጣች።

“ደረሳው የታለ?”

ሻሂዳ በጓሮ በር ገብታ ጭቃማ ቦቲዋን እያወለቀች ነበር። “ያቻትልሽ” አልኳት። ፈነት ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

“ደግሞ አንቺ ምንድን ነው የምትቀሪው?”

“የስንዴ ዋግ።”

ፈነት አርሲ፣ ስንዴ መሐል ነው ያደገችው። “የአባቴን ማሳ የበላው እሱ ነው” አለች። ድስቱን አስቀመጠች። “ማክሰኞ የእኔ ቀን ነው።”

ልጄ አፍራ ክፍሏ ገብታ ዘጋች። ፈነት በሩን እየቆረቆረች “ይሄን ኩራት ከአባትሽ ነው የወረስሽው፤ ለእሱም አልጠቀመው፣ ውጪና ብዪ” አለቻት። ወጥታ በላች። ከዚያ ወዲህ ሌላውም ቤት ቀን ይዟል። ሻሂዳ መኪናዋን ከሸጠች ወዲህ፣ ኡበር ታክሲ የሚነዳው የመስጊዳችን ሰው ዙሀይር “መንገዴ ነው” እያለ ጠዋት ያደርሳታል፤ ከኤርፖርት ተነስቶ በክሪስታል በኩል ሴንት ፖል የሚገባ መንገድ የት እንዳለ ግን እስካሁን አላሳየንም። እኔም ከጡረታ ወጥቼ ከዊልቸሬ ጋር ታርቄያለሁ። የምገፋቸው ሰዎች አብዛኞቹ በዕድሜ ታናሾቼ ናቸው።

ክቡርነትዎ፣ እኛ አብልተናት እናድራለን። ግን ትምህርት ሲከፈት ትቀጥል ወይም ታቋርጥ እንደሆነ ለትምህርት ቤቷ ቃል መስጠት አለባት፤ ስንዴው ደግሞ ገና እሸት ነው። “እስኪያፈራ የትም አልሄድም” ብላለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ፤ ይህን እያሰብኩ ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አልጋ ስመላለስ ይነጋል። ስለዚህ ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ቃል ነው። ተማሪ ከሆነች አብሏት። ሠራተኛ ከሆነች ክፈሏት። ሁለቱንም ካልሆነች፣ በኢድ ልብሷ ስንዴ ያጠጣችው ማን ነበረች?

አንድ ቀን ጉልበትዎ ደክሞ ፎርት ስኔሊንግ ቢመጡ፣ ተማሪ ነዎት ወይስ ሠራተኛ ሳልል፣ ሙዚቃም ሳላስጠብቅዎ፣ እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ በክብር የምገፋዎ፣

አክባሪዎ
ባህሩዲን
ክሪስታል፣ ሚኒሶታ

ማሳሰቢያ፦ ይህን የጻፈችው ተማሪ ናት፤ ተማሪ የሠራው ደግሞ በሕጋችሁ ሥራ ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ ደብዳቤው አልተጻፈም ማለት ነውና መልስ ባይሰጡኝ ቅር አይለኝም። እዚህ ድረስ ካነበቡት ግን፣ የሠራ ሰው አለ።