ሰላም ሊሉኝ የመጡት ሽማግሌዎች

ይድረስ ለውድ አባቴ ለሐጂ ሳኒ፣ ቡታጅራ።

አሰላሙ ዓለይኩም አባባ። ጤናዎ እንዴት ከረመ? ጉልበትዎ ከክረምቱ ብርድ አገገመ ወይስ ለሶላት ሲነሱ አሁንም ግድግዳ ይደግፋሉ? የእማማስ ደም ግፊት እንዴት ሆነ? በርበሬው ከዝናቡ ተርፎ ተለቀመ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ዓርብ ዕለት ሲደውሉልኝ ሁለት ቃል ብቻ መልሼ ስልኩን ስለዘጋሁ አፉ ይበሉኝ። ልነግርዎት የሚገባኝ ነገር ነበር፤ ድምፅዎን እየሰማሁ ግን አልወጣልኝ አለ። እባክዎ ይህን ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ቢሮዬን እዚሁ ናይሮቢ የአገራችን ሰው ከሚበዛበት ከኢስሊ ሀብታም ወደሚበዛበት ዌስትላንድስ ማዛወሬን ነግሬዎት ነበር፤ ምክንያቱን ግን አድበስብሼ ነው ያለፍኩት። ስምንት ዓመት ሙሉ ከጨርቅ መደብር በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የጥብቅና ሥራ የሠራሁት ለአገራችን ሰው ነው። ፈቃዱ ያለፈበት፣ ፖሊስ የያዘው፣ አሠሪዋ ፓስፖርቷን የቀማቻት ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር። ያመሰግኑኛል፣ ይመርቁኛል፣ በማግስቱ ደግሞ ዘመዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ሰለቸኝ። አብረውኝ የተመረቁት የኩባንያ ጉዳይ ይዘው ሲከራከሩ እኔ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ላይ እቆም ነበር። ቀናሁ አባባ።

ቶሚ የሚባል እዚሁ ያደገ የሐበሻ ልጅ አለ፤ ሥራው ሐኪምና ጠበቃ ደንበኛ እንዴት እንደሚስቡ መምከር ነው። «ፋኢዛ፣ ክላየንት አጥተሽ አይደለም፤ ራይት ክላየንት ነው ያጣሽው» አለኝ፤ የሚያዋጣ ደንበኛ ማለቱ ነው። ድረ ገጽ አሠራልኝ፣ ቢሮውን አስለወጠኝ፣ ቀጥሎም አንድ ቅጽ አዘጋጀ። የመጣ ሰው ሁሉ እኔን ከማግኘቱ በፊት ጉዳዩ የመሬት ነው ወይስ የኩባንያ፣ ግምቱስ ምን ያህል ነው ተብሎ ይጠየቃል። መስፈርቱን ያላሟላውን እንግዳ ተቀባይዋ ሃብነት በትሕትና ትሸኘዋለች። ዘዴው ሠርቷል፣ አልዋሽዎትም። በአራት ወር ውስጥ ላቪንግተን በሚባለው የሀብታም ሰፈር በቤት የሚካሰሱ ሰዎች ከፊቴ ተቀመጡ። እኔም ራሴን እንደ ሰው ቆጠርኩ።

በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ሰኞ ጋሽ አቡዘር፣ እርስዎ የሚያውቋቸው የኢስሊው ነጋዴ፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ሦስቱም የክት ኮታቸውን ለብሰዋል። ሃብነት ጉዳያቸውን ብትጠይቃቸው ሰላም ሊሉኝ ብቻ እንደመጡ ነገሯት፤ እሷም ቅጹ ላይ ጉዳይ የላቸውም ብላ ጻፈች። እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም። እኔ ግን የእርስዎ ልጅ ነኝ። ከባድ ነገር የያዘ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ ጠይቆ፣ ሻዩን ጠጥቶ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ጉዳዩን የሚያወጣው የቤቱ ጌታ ሲሸኘው በር ላይ «ለደህና ነው የመጣችሁት?» ብሎ ሲጠይቀው ነው። እርስዎ ሲጠይቁ ስንቴ አጠገብዎ ቆሜ ሰምቻለሁ።

አሥር ደቂቃ አስተናገድኳቸው። እስከ ሊፍቱ ሸኘኋቸው። ሊፍቱ እስኪመጣ ጋሽ አቡዘር ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር። አልጠየቅኋቸውም። ረስቼ አይደለም አባባ። ከጠየቅኩ መስማት ይመጣል፣ ከሰማሁ ሥራዬን ትቼ መሮጥ ይመጣል ብዬ ነው። ሐሙስ ተመልሰው ሲመጡ ሃብነትን «ስብሰባ ላይ ናት በያቸው» አልኳት። ስብሰባ አልነበረኝም። አንድ ሰዓት ተኩል ጠብቀው ሄዱ።

ይዘውት የመጡት የጃፈርን ጉዳይ ነበር፣ የጎረቤታችንን የእትዬ ለይላን ልጅ። የሥራ ፈቃዱ አልፎበት ተይዞ፣ ፍርድ ቤት ከአገር ይውጣ ብሎ ወስኖበታል። ለይግባኝ አሥራ አራት ቀን ተሰጥቶት ነበር፤ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ ገና ስድስት ቀን ቀርቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ማመልከቻ ኢስሊ ሳለሁ በግማሽ ቀን እጽፈው ነበር፤ ብዙ ሰው አስቀርቼበታለሁ። ጃፈር ስኳር እንዳለበት ያውቃሉ። እስር ላይ ሳለ መድኃኒቱ ተቋረጠበት። ወደ ሞያሌ ሲወስዱት ማርሳቢት ሳይደርሱ መኪናው ውስጥ ሞተ። እኔ የሰማሁት ከሞተ በኋላ ነው።

ለቅሶው እዚሁ ናይሮቢ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ነበር፣ ሄድኩ። ጋሽ አቡዘር በሰው ሁሉ ፊት «ፋኢዛ በሯን ከፍታ ተቀብላናለች። ጊዜው አጥሮብን እንጂ እሷ ምን ታድርግ» አሉ። ይህን ያሉት ለእኔ አዝነው አይደለም፣ ለእርስዎ ስም ብለው ነው። እኔም አላስተባበልኩም። እናንተ ዘንድ የደረሰው ያ ነው። እትዬ ለይላ ቤታችን ድረስ መጥተው «ልጅዎ ለልጄ ደከመችለት» ብለው እንደመረቁኝ፣ እርስዎም እንደኮሩብኝ ዓርብ ነገሩኝ። አልደከምኩለትም አባባ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩም።

ቅጹን ቀደድኩት ብዬ ብጽፍልዎት ደስ ባለኝ ነበር። አልቀደድኩትም። የቢሮው ውል የሦስት ዓመት ነው፣ ቶሚም መጥፎ አጋጣሚ ነው ይለኛል። ትናንትም ሃብነት ሦስት ሰው ሸኝታለች። አሁን ሰው በሸኘች ቁጥር ከወንበሬ ተነስቼ እስከ ሊፍቱ እሮጣለሁ፤ አንዳንዱን አልደርስበትም።

የእማማን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ መድኃኒታቸውን እንዳያስታጉሉ አደራ። እህቴን ሙርሺዳን ከነልጆቿ ሰላም ይበሉልኝ፤ ትንሿ መራመድ መጀመሯን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ወንድሜ ሱልጣን ስለ ትምህርቱ ይጻፍልኝ። አክስቴንም ጤናቸውን ይጠይቁልኝ። ለእትዬ ለይላ ሰላምታ አልልክም፣ አልደፍርም። ይልቅ ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰሙ እርስዎ ሄደው የጻፍኩትን ሁሉ ይንገሯቸው። ምርቃታቸውን ያንሱት፤ ቢረግሙኝም አሜን እላለሁ።

ልጅዎ ፋኢዛ

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.