መጨረሻው የተቆረጠው የገና ፊልምሽ

ዘውዴ፣

ከሄድሽ ሦስት ዓመት ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። እንደ ደብዳቤ ወግ ደኅና ነሽ ወይ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን ተናድጃለሁና ሰላምታው ይቆየኝ። ፊልምሽ መጨረሻ የለውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ልቤን ሲበላኝ የኖረው ፊልም ድሮውንም ሙሉ አልነበረም።

በቅድሚያ የቤቱን ልንገርሽ። አንቺ ባረፍሽ በአራተኛው ወር ጦርነቱ መጣ። ልጃችንን ምሕረትን ይዤ ከካርቱም ገዳሪፍ ወረድኩ፤ እዚያ በሰው የስፌት መኪና ሱሪ እያሳጠርኩ ኖርን። ዘንድሮ ወደ ሰፈራችን ወደ ጀሪፍ ስንመለስ ቤቱ ቆሟል፣ ውስጡ ግን የለም። ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን፣ ከግድግዳው የመብራት ሽቦውን ሳይቀር መዘው ወስደዋል። የስፌት መኪናዬን ነቅለው እግሩን ብቻ ትተውልኛል። የልብስ ቁልፍ የማስቀምጥበትን ቆርቆሮ ደግሞ ወለሉ ላይ ደፍተውታል። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ስለቅም ፍላሽሽን አገኘሁት። ሽቦ ከግድግዳ የመዘዘ ሌባ ያንቺን የገና ፊልም ንቆት ሄዷል፤ እኔም በደጉ ጊዜ ከሱ የተሻልኩ አልነበርኩም።

መቼም የኔን ንቀት አትረሺውም። ካርቱም ሁለት የሰው ቤት ስታጸጂ ውለሽ፣ እግርሽ አብጦ ትገቢና ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክረሽው ፊልምሽን ትከፍቻለሽ። እንግሊዝኛው አይገባሽም፣ ከሥር የሚጻፈውን ዐረብኛ አታነቢም። መጀመሪያ ምሕረት ትተረጉምልሽ ነበር፤ ኋላ አስተርጓሚም አላስፈለገሽም፣ ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ነዋ። ከትልቅ ከተማ የመጣች ሴት ለገና አገሯ ትገባለች፣ በረዶ መንገድ ይዘጋባታል፣ አናጢ ወይም የገና ዛፍ ሻጭ ታገኛለች። እኔ ከስፌቴ ቀና እያልኩ አሾፋለሁ። በአንድ ቀን አራት ኮት ትቀይራለች እላለሁ፤ ሰውየው ሥራ የለውም ወይ እላለሁ። አንቺ መልስም አትሰጪኝም። አንድ ቀን ብቻ ነው የመለስሽልኝ። «ቀኑን ሙሉ መጨረሻው የማይታወቅ ነገር ሳይ ነው የምውለው፤ እስቲ አሁን እንኳ የማውቀውን ልይበት» አልሽኝ።

የሚያናድደው ደግሞ መጨረሻውን አታዪውም ነበር። የፈረንጆቹ የገና ፊልም የሚጎርፈው እኛ ጾም ላይ ሳለን ነው። ከሥጋና ከወተት ታቅበሽ በዐይንሽ መግደፍ አልፈለግሽም። ሰውየውና ሴትዮዋ ፊት ለፊት ቆመው ዝም ሲሉ ፊትሽን ወደ ግድግዳው ታዞሪና ዝጉት ትያለሽ። ከዴም ሰፈር ሱቆች በፍላሽ ያስገለበጥሻቸው ፊልሞች ሁሉ ጭራቸው ሳይታይ ይጠራቀሙና፣ ገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ መጨረሻ መጨረሻቸው ብቻ በተርታ ይታያል። ባንድ ከሰዓት በኋላ ዐሥር ጊዜ ሲሳሳሙ እናያለን። እኔ «የመሳም ሰልፍ» እለው ነበር። ትስቂ ነበር፣ ግን አንዱንም አታሳልፊም።

የመጨረሻውን ፊልም የጀመርነው አልጋ ላይ ከዋልሽ በኋላ ነው። «የዳቦዋ» ያልነው፣ ዳቦ ቤት የምትከፍተዋ ሴትና ሚስቱ የሞተችበት አናጢ። ቀይ ኮቷን ለብሳ ባቡር ጣቢያ ስትቆም እንደ ልማድሽ ዝጉት አልሽ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ግን ጠራሽኝና መጨረሻውን ዛሬውኑ ክፈትልኝ አልሽኝ። ያን ሁሉ ዓመት ጾም ያልሻርሽ ሴት! ምሕረት በር ላይ ቆማ ነበር። እኔ እየሳቅሁ «ጾም አይደል እንዴ? ለገና ይደርሳል» አልኩሽ። እሺ ብለሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳው መለስሽ። ከሁለት ቀን በኋላ አረፍሽ። ለገና ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።

ቀልድ አልነበረም፣ ዘውዴ። ከከፈትኩልሽ ለገና እንደማትደርሺ ያመንኩ መሰለኝ። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ፍላሹንም ከቴሌቪዥኑ ነቅዬ ቁልፎቹ መሃል የወረወርኩት እኔው ነኝ።

አሁን ስለ ሳሚ ልንገርሽ። ዴም ተወልዶ ያደገ ያገራችን ልጅ ነው፣ መብራት ሠራተኛ። አማርኛው ይሰባበራል እንጂ እጁ ቀና ነው። ምሕረትን ይፈልጋታል፣ እሷም ትፈልገዋለች። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልላክ ብሎ አስጠየቀኝ፤ ሁለቴም ከተማው ይረጋጋ አልኩ። ካርቱም መቼ እንደምትረጋጋ የሚያውቅ የለም፤ ምክንያቱን የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። እሱ ግን ሳይቀየም ጣሪያችን ላይ ሶላር ሰቀለልን፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ተሸክሞ መጣ። በቃ፣ ፍላሹን ሰካሁት።

ከመጀመሪያው ነው ያየሁት። እንደ ቁም ነገር ተቀምጬ፣ ሳላሾፍ። አንድ ነገርም አስተዋልኩ። የዚያ አናጢ ሚስት ፊልሙ ሳይጀምር ነው የሞተችው። ፎቶዋ መደርደሪያ ላይ አንዴ ይታያል፣ ከዚያ ስለሷ የሚጠይቅ የለም። ምን ትወድ ነበር፣ ምን ተከለከለች የሚል የለም። ሰዉ ሁሉ የሚጨነቀው ለገናው ኬክ ነው። እኛም ጋ ጎረቤቶቻችን ብቻህን እስከ መቼ ማለት ጀምረዋል፤ ፊልሙን ሳያዩት አልቀሩም። ይሁንና እውነቱን ልናገር፣ ተመቸኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ማንም በር አልሰበረም፣ ማንም የመኖሪያ ወረቀት አምጣ አላለም። አንቺ በዚያ ባበጠ እግርሽ ምን ታርፊበት እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ዘግይቶ።

ከዚያ ያቺ ሴት ጣቢያው ላይ ቆመች። ሰውየው እየሮጠ መጣ፣ አፉን ከፈተ፣ ቴሌቪዥኑ ጠቆረ። አለቀ። ሳሚ ፍላሹን አገላብጦ አየና አልተበላሸም አለኝ፤ ሲገለበጥ ጀምሮ እዚያ ጋ ተቆርጧል። ያን ቀን ብከፍትልሽም የምናየው ይሄንኑ ነበር። ይህን ምሕረት ይጽናናል ብላ ነገረችኝ። ምን ያጽናናኛል? ብከፍትልሽ ኖሮ አብረን እንናደድ ነበር።

በማግስቱ ዴም ሄድኩ። ፊልም የሚገለብጥ አንድ ሱቅ ተከፍቷል። ባለሱቁ የፊልሙን ስም ጠየቀኝ። «የዳቦዋ» ብዬ ልንገረው? ቀይ ኮት የለበሰች ሴት ናት አልኩት። ዐርባ ቀይ ኮት አለኝ፣ ያ ዓሚ፣ አጎቴ፣ የቱን ልስጥህ አለኝ። የግራ ኪሷ ከቀኙ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ተሰፍቷል አልኩት። አፈጠጠብኝ። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ያን ኪስ ያኔ እየሰደብኩ ነው ያየሁት፣ አልረሳውም። ቀይ ኮት ያለበትን አሥራ አንድ ፊልም አስገልብጬ መጣሁ። እስካሁን ሰባቱን አይቻለሁ፤ የሁሉም ኪስ ትክክል ነው። እንዳትስቂ እንጂ፣ ሊሳሳሙ ሲሉ እዘጋቸዋለሁ። ጾም ነዋ።

ትናንት ስምንተኛውን ስጀምር ምሕረት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሳሚ ለሦስተኛ ጊዜ ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ ነገረችኝ። ዐይኔን ከኮቱ ሳላነሳ፣ ገና ይለፍና እናያለን አልኳት። እሷ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም።

«አባዬ፣ እማዬንም ለገና ይደርሳል ብለሃት ነበር» አለችኝ።

ያንቺው ልጅ ናት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትመልሰው። ተነስቼ ግቢ ወጣሁ፣ ሌቦቹ የተዉልኝ የስፌት መኪና እግር ላይ ተደገፍኩ። የከተማው መረጋጋት እንዳልሆነ አውቀዋለሁ። እሷ ከሄደች እዚህ ቤት ውስጥ እኔና ቁልፎቼ ነን የምንቀረው፤ ፈርቼ ነው። ያኔም ፈርቼ ነበር፣ ዛሬም ፈርቼ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ ጾሙን አሳበብኩ።

ሳሚ ጣሪያው ላይ የሶላሩን ሽቦ ያጠብቅ ነበር። ጠራሁት። ሽማግሌዎችህን እሑድ ላካቸው አልኩት። እሑድ፣ ኢንሻአላህ አለኝ። ኢንሻአላህ የለም፣ እሑድ ነው አልኩት። መፍቻው ከእጁ አምልጦት ጭንቅላቴን ለጥቂት ሳተኝ።

ሠርጉ ጥር ላይ ይሆናል። ቀሚሱን እኔ እሰፋለሁ፣ መኪና ከሰው እዋሳለሁ። ስምሽን እዚያው ድንኳን ውስጥ እጠራለሁ፤ እናቷ ምን ትወድ እንደነበር፣ ምን እንደነፈግኳትም ለሰው እናገራለሁ። መደርደሪያ ላይ አንዴ የምትታይ ፎቶ አትሆኚም፣ ይሄን ቃሌን ያዢልኝ።

የቀሩትን አራት ፊልሞች ዛሬ እቀጥላለሁ። ያ የተንጋደደ ኪስ ካልተገኘ እንደገና ዴም እሄዳለሁ። የተገኘ ቀን ግን ጾምም ቢሆን አልዘጋውም፣ እስከ ጥግ አየዋለሁ። አንቺ ፊትሽን አዙሪ፤ ምን እንደሆኑ እኔ እነግርሻለሁ።

ባለቤትሽ