«ተቀበል» ምን ማለት እንደሆነ ላልገባቸው የአዝማሪ ደንብ አውጪዎች

ለተከበራችሁ የ«ጉዞ በቃል» ጨዋታ ደንብ አዘጋጅ ኮሚቴ አባላት፣
በያላችሁበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁን እመኛለሁ፤ በተለይ የጆሯችሁን፣ ሦስተኛውን እትም ካነበብኩ ወዲህ ስለ እርሱ እሰጋለሁና። እኛ መቐለ፣ እንዳ ኢየሱስ አካባቢ፣ እሑድ እሑድ ጠረጴዛ ከብበን፣ እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘን ጨዋታችሁን የምንጫወት አምስት ሰዎች ነን፤ ጠላቶቹን የማጫውተውና ደንቡን የማስከብረው መሪ እኔ ነኝ። ስለ ድካማችሁ እያመሰገንኩ አቤቱታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያው እትም አዝማሪ የተባለው ገጸ ባሕርይ ማሲንቆ ነበረው፤ ያወድሳል፣ ይሰድባል፣ የተሰደበው ጠላትም አፍሮ ይሸሻል። በሁለተኛው እትም ጎራዴ የሚመዝ ሐኪም አደረጋችሁት። ሙያ ስለጨመራችሁለት ምስጋና ይገባችኋል፤ የጠፋው ዘፈኑ ብቻ ነው። ይህንንም ዋጥ አድርገነው ነበር።

፪. የሦስተኛው እትም ገጽ አርባ አንድ ግን «አዝማሪው ተቀበል በተባለ ጊዜ በጓደኛው ላይ የተሰነዘረውን ምት ይቀበላል» ይላል። ክቡራን ሆይ፣ አዝማሪ የሚቀበለው ግጥም ነው እንጂ ዱላ አይደለም። አድማጭ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል፤ ይህን ለማወቅ አንድ ቀን አዝማሪ ቤት ጎራ ማለት ይበቃችሁ ነበር።

፫. ከመካከላችን ለተኪዳን የምትባል ልብስ ሰፊ አለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ትንተባተባለች፣ ሰው ሲጠይቃትም እናቷ ነበሩ የሚመልሱላት። አዝማሪ ሆና ስትጫወት ግን፣ የወሎው ጨርቅ ነጋዴ ጀላሉ የሚሰጣትን ስንኝ ተቀብላ ስታዜም አንድም ቃል አይያያዝባትም ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ከተጫወትን በኋላ ከስንኝ ውጭም እንደ ልቧ ማውራት ጀምራ ነበር። አዲሱን መጽሐፍ በከፈትንበት እሑድ ጀላሉ እንደ ልማዱ «ተቀበይ» አላት፤ እኔም ደንብ አክባሪ ነኝና በገጽ አርባ አንድ መሠረት በጀላሉ ገጸ ባሕርይ ላይ የተሰነዘረውን ምት በእርሷ ላይ አሳረፍኩት። ስንኙ ሳያልቅ አዝማሪዋ ሞተች። ለተኪዳን ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች፤ ይኸው አምስት እሑድ ሆነ፣ አልተመለሰችም። እናንተን ብቻ ሳይሆን ራሴንም እንድጸየፍ ስላደረጋችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መጽሐፋችሁን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ ካርቶኑ የመለሰው፣ ከዚያም እጁን የታጠበው አክባሪያችሁ፣

ዘሚካኤል ነጋ
መቐለ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው እሑድ ሰሜን ክፍለ ከተማ ድረስ ቤቷ ሄጄ ነበር። የጠየቅኳትን ሁሉ እናቷ መለሱልኝ፣ እንደ ድሮው። አራተኛውን እትም ስታዘጋጁ ዝምታን ከአዝማሪ ችሎታዎች መቁጠር ካማራችሁ፣ ምሳሌ የምትሆናችሁ ሰው አፍርታችኋል።