ገመድ ላይ ይቀር የነበረው ድምፅህ

አባዬ፣

ካለህበት ሰላም ይድረስህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። ሜዳው ሁለት ጊዜ ውሃ ተኝቶበት፣ ሩዙም ሁለት ጊዜ ታጨደ። እናቴም እኔም ደህና ነን። ዛሬ የምጽፍልህ ለማልቀስ አይደለም፤ ካንተ ሌላ ማንም በቅጡ የማይገባው ወሬ ስላለኝ ነው። ጊታርህን ከፈትኳት። አትደንግጥ፣ እንጨቷን አልነካሁም።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። በሩን አረንጓዴ ቀብተነዋል። ትሠራበት የነበረው የሩዝ መፈልፈያ አዲስ ሞተር ገብቶለት እንደ ድሮው አይጮህም። አንተ ከአሮጌው ሞተር ጋር ስትጯጯህ የኖርክ ሰው ስለሆንክ እራት ላይ ጨው አቀብሉኝ ስትል ጎረቤት ይሰማህ ነበር፤ አሁን ቤታችን ጸጥ ያለ ነው፣ ጸጥታውን ግን አልወደድነውም። እኔ ያው ወረታ ገበያው ዳር ስልክ እጠግናለሁ። ጊታሯን እናቴ በነጠላ ሸፍና ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ሰቅላት ከረመች። ሙት ዓመትህ እንዳለፈ ራሷ አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና ወደ ጓዳ ገባች። በሠርግ ባንዱ ውስጥ በአንተ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን የምነግርህን አትቀየመኝ። ሠርግ ላይ ጊታሯ አትሰማም። አንተ ስትጫወትም አትሰማም ነበር፤ የሚነግርህ ጠፋ እንጂ። ሰው እጅህን እያየ ነበር የሚያጨበጭብልህ። ጋሽ ደሳለኝ፣ ኦርጋን ተጫዋቹ የልብ ወዳጅህ፣ አንተ እያለህ ትንፍሽ ያላሉትን ሁዳዴ ሊገባ ሲል ለእኔ ተናገሩት። ከፋሲካ በኋላ የእህታቸው ልጅ ጉማራ ወንዝ ዳር ታገባለች፤ እዚያ ሠርግ ላይ ጊታሯ ካልተሰማች ከዚያ ወዲያ የእሷን ድርሻ በኦርጋኑ ሊሸፍኑት ነው። ክፋት የለባቸውም፣ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ወንበርህ በእኔ ጊዜ ተነሥቶ ሲወጣ ለማየት አልተዘጋጀሁም ነበር። በጾሙ ሠርግ ስለሌለ አንተ በየዓመቱ እንደምታደርገው ክሮቿን አላልቼ ጠረጴዛ ላይ አስተኛኋትና ሥራ ጀመርኩ።

መፍትሔው የታወቀ ነው። በጊታሯ ሆድ ውስጥ፣ ከድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ አጠገብ፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የድምፅ ማጎልበቻ ሰርኪት ይገባላታል። ከክሮቹ ሥር ያለው ማግኔት የለቀመውን ደካማ ድምፅ ወደ ገመዱ ከመግባቱ በፊት ታበረታዋለች። ያስቸገረኝ የትኛዋ ትሁን የሚለው ነው። ጋሽ ደሳለኝ ከባሕር ዳር ያስመጡልኝ ተሠርታ ያለቀች ነበረች፤ መካከለኛውን ድምፅ ለይታ እያወፈረች ኦርጋኑን ሰንጥቃ ትወጣለች። ሌላዋ እኔ ራሴ ከአንድ ትራንዚስተርና ከጥቂት ዕቃ የበየድኳት ናት፤ የድምፁን ጠባይ ሳትነካ ያለውን እንዳለ ከፍ ታደርገዋለች።

እናቴ መበየጃውን ስታይ በሩ ላይ ቆመች። ስለ ሰርኪት አታውቅም፣ ማወቅም አልፈለገችም። «የሱን ድምጥ እንዳትለውጪብኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እውነቱን ልንገርህ፣ ከጋሽ ደሳለኝ ማስጠንቀቂያ ይልቅ ያቺ እሺ ከበደችኝ።

መጀመሪያ የጋሽ ደሳለኝን በውጭ በኩል በሽቦ አያይዤ ሞከርኳት። መጮኹንስ ትጮኻለች፤ ግን አፍንጫውን ይዞ የሚዘፍን ሰው ትመስላለች። ያንተ ድምፅ አይደለም። በዚያ ላይ ሰፊ ስለሆነች እሷን ለማስገባት እንጨቱን መፈልፈል ያስፈልጋል። አመስግኜ መለስኩላቸው፤ ትንሽ ከፋቸው፣ ግን ይበርድላቸዋል።

ነገሩ የበራልኝ ከዚያ በኋላ ነው። አንተ ቤት ውስጥ በአጭሯ ገመድ፣ በትንሿ ስፒከር ስትጫወት ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ እናቴ ጓዳ ሆና እያንጎራጎረች ትከተልህ ነበር። ታዲያ ዳስ ውስጥ ምን ያገኘዋል? ሠርገኛው እንዳይረበሽ ጀነሬተሩ ከዳሱ ጀርባ ርቆ ይቆማል፤ የሁሉም ድምፅ የሚገባበት ሚክሰሩም ወደዚያው ይጠጋል። ጊታሯ እዚያ የምትደርሰው በዳሱ ርዝመት ልክ በተጎተተ ገመድ ነው። ጉልበቷ ትንሽ ስለሆነ ጥራቱን መንገድ ላይ ገመዱ ይበላባታል። ረጅሙን ገመድ ግቢው ውስጥ ዘርግቼ ስሞክረው ያ የምናውቀው የታፈነ የዳስ ድምፅ ወጣ። የእኔን ሰርኪት ጊታሯ ላይ አያይዤ ስደግመው የቤቱ ድምፅ መጣ። ጣቶችህ ምንም አልጎደላቸውም ነበር፣ አባዬ። ብቻዬን ግቢው መሐል ቆሜ አለቀስኩ፣ ከዚያ መበየጃዬን አነሣሁ።

ሰርኪቷም ባለ አራት ማዕዘኗ ባትሪም ከጀርባ ክዳኑ ሥር ልክክ ብለው ገቡ። ቁልፉን ወደ ላይ ስስበው ትሠራለች፤ መልሼ ስጫነው ድምፁ እሷን ዘሎ ያልፍና ጊታሯ አንተ የተውካት ትሆናለች።

አንድ ነገር ብቻ ሊያሳጣኝ ነበር። ጋሽ ደሳለኝ ሊሞክሯት ቤታቸው ወስደው አሳደሯት፤ በማግሥቱ ድምፅ የለም። ይህች የአንድ ቀን ዕድሜ ያላት ነገር ብለው ሳቁብኝ። ለካ ገመዱን ሳይነቅሉ አስቀምጠዋት ኖሯል፤ ቁልፉ ቢጫንም ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ሰርኪቷ ባትሪ ትበላለች፤ ለሙከራ የከተትኩትም ያገለገለ ባትሪ ነበር። ያን ጊዜ አንተ ድቅን አልክብኝ። ሽማግሌዎች ሊመርቁ ሲነሡ ሌላው ሁሉ ድምፁን ቀንሶ ይቀመጣል፤ አንተ ብቻ ገመዱን ትነቅልና ክርንህ ላይ ጠምጥመህ ጊታሯን ጭንህ ላይ ታስተኛት ነበር። በምርቃት ላይ ስፒከር እዝዝ አይልም ትል ነበር። ስንስቅብህ ኖረናል። ባትሪ ሳይኖራት የባትሪ ጠባይ አስለምደሃታል።

ሠርጉ ደረሰ። ዳሱ ሩዝ የታጨደበት ማሳ ላይ ነበር የተጣለው፣ ረጅም ነው። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ከመጨረሻው ረድፍ፣ ስፒከሩ አጠገብ ተቀመጠች። እሷ የምትወደውን የሙሽራ መግቢያ ዜማ ከመጀመሬ በፊት ቁልፉን ሳብኩ። ጋሽ ደሳለኝ ሁለት እጃቸውን ከኦርጋኑ አንሥተው እኔ ዙሬን እስክጨርስ ጠበቁኝ፤ ለአንተ እንኳ እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። ከዚያ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትነሣ አየሁ። ድምፅህን ያጠፋሁባት መስሎኝ ቁልፉን መልሼ ልጫነው ምንም አልቀረኝም። በሚጨፍረው ሰው መሐል ዳሱን አቋርጣ መጣችና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«የቤቱ ነው» አለችኝ። «ቤት የሚመታው ነው።»

ሽማግሌዎቹ ለምርቃት ሲነሡ ገመዱን ነቅዬ ክርኔ ላይ ጠመጠምኩት። ጋሽ ደሳለኝ አዩኝና እሳቸውም ኦርጋናቸውን አጠፉ። የመረቁት አባት በጣም ያረጁ፣ ድምፃቸው የደከመ ናቸው፤ ያም ሆኖ አሜን የሚለው ድምፅ ከመጨረሻው ረድፍ ጭምር ይመጣ ነበር።

ወንበርህ ቦታው ላይ ነው አባዬ፤ ጋሽ ደሳለኝ ስለ ኦርጋኑ ድጋሚ አላነሡም። እኔም ቃል እገባልሃለሁ፦ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በምርቃት ላይ ገመዱ ይነቀላል። ሰዎች ባትሪው እንዳያልቅ ነው ብለው ያስባሉ። እኔ ግን እጄን ገመዱ ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር የማስበው አንተን ነው።

ልጅህ ብርቱካን