ሐጂ ያላዩት የሐጂ ፊርማ

ሰኞ፣ ጥር 4። 4፡00 ሰ.
መብራት ሳይሄድ ቶሎ ቶሎ። የሳምንቱን ደረሰኝ ከሶፍትዌሩ አወጣሁ፤ ሠላሳ ስምንት የኤክስኤምኤል ፋይል፣ እያንዳንዱ አንድ ደረሰኝ። የሐጂን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ የያዘችውን ፍላሽ ሰካሁ፣ የሚስጥር ቁጥሩን መታሁ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አስፈርሜ ለየገዢዎቹ ላክሁ። ሐጂ ሰዒድ እዚያው ሱቁ በር ላይ ሚስማር እየመዘኑ ነው። ማህተማቸውን ለልጃቸው ለከማል እንኳ አይሰጡም፣ ከኪሳቸው አትወጣም። በስማቸው የምትፈርመውን ፍላሽ ግን የኮምፒውተር ዕቃ ናት ብለው ለእኔ ለሒሳብ ሠራተኛቸው ከሰጡኝ ዓመት አለፈ። አንዳንዴ ሳቄ ይመጣል።

ረቡዕ፣ ጥር 6።
ደብተሬ፣ ወሽመጤ ቁርጥ ብሏል። ከወግዲ አንድ ት/ቤት ደወሉ። ሁለት መቶ ኩንታል ሲሚንቶ ተረክባችኋል የሚል፣ ሐጂ የፈረሙት ደረሰኝ ደርሷቸዋል። እነሱ ግን አንድም ከረጢት አላዩም። ፈለግሁ፤ ከሠላሳ ስምንቱ አንዱ ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ ያስገባው ከማል ነው። እኔ ሳላነብ ፈረምኩ።
ከማልን ጠየቅሁት። ሲሚንቶው ከደሴ ሲመጣ ይላካል፣ አብሽሪ፣ አባቴ እንዳይሰማ አለኝ። የመጨረሻዋ ቃል አስፈራችኝ።

ያው ቀን፣ 10 ሰ.
ጅል ነኝ። የፋይሉን ቅጂ ከፍቼ ሁለት መቶውን ዜሮ አደረግሁት። ፊርማው ወዲያው ፈረሰ፤ ከተፈረመ በኋላ ተነክቷል ይላል። አጠፋሁት። ለምን ነካሁት?

ሐሙስ፣ ጥር 7።
ት/ቤቱ ሽማግሌ ላከ። ሐጂ ሰሙ። እንዲህ ያለ ወረቀት በዓይኔም አላየሁ፣ ነገ ከጁምዓ በኋላ ቁርኣን ይዤ እምላለሁ አሉ። እውነታቸውን ነው። ፋይሉ ሲከፈት ግን ስማቸው ከነሰዓቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ቁርኣን ይዘው ዋሹ ሊባል ነው፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ በሰፈሩ ሁሉ ፊት።
ከማል ይማሉ ይላል። ሰው ያምናቸዋል፣ አንቺ ብቻ ዝም በይ። ካመኗቸውስ ማን ፈረመ ሊባል ነው? ፍላሿ ያለችው እኔ ጋ ናት። ያረቢ።

ጁምዓ፣ ጥር 8። 5፡20 ሰ.
ከማልን እፈራለሁ። እስር ቤትን እፈራለሁ። ከሥራ መባረሩንማ ተይው። ሐጂ እውነት ምለው ውሸታም ሲባሉ ቆሜ ማየት ግን ከሁሉም ይብሳል፣ እሱን አልችልም።
ከማል ደጅ ቆሟል፣ ዓይኑን ከእኔ አይነቅልም። ሐጂ ውዱእ አድርገው ጨርሰዋል፣ ጫማቸውን እያጠለቁ ነው። አሁን ካልነገርኳቸው መስጊድ ገቡ።
ልጠራቸው ነው።