ኮምፒውተሩም ይረፍ

የካቲት 12
መብራት ሳይጠፋ ዋለ። ተመስገን ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ኮምፒውተሩን እንደተውኩት እየሠራ አገኘሁት። ፕሮግራሙ የካሜራችንን መስታወቶች ንድፍ ያወጣል፤ ከጠፍጣፋ መስታወት ይነሳና ራሱ እያጎበጠ፣ እያቃና፣ ምስሉ ጥርት እስኪል ይፈልጋል። ክብ አይደለ፣ ሞላላ አይደለ... እንዳሻው የሚጎብጥ መስታወት። በእጅ ቢሆን መቼ ያልቅልኝ ነበር?

አከራዬ እትዬ ብሩክታይት በር ላይ ቆመው አዩት። ይሄ ዕቃ አይተኛም እንዴ አሉኝ። እስኪያገኝ አይተኛም አልኳቸው። አዘኑለት መሰለኝ።

የካቲት 15፣ ሞጣ
ንጋት ጋ መጣሁ፤ የዓይን ነርሷ። የዓይንን ውስጥ የሚያነሳ፣ በእጅ የሚያዝ ካሜራ እንሥራ ብላ የጀመረችው እሷ ናት። ዛሬ አንድ አባት ከገጠር መጡ። አንዱ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ሌላውም እየሄደ ነው። "ቀደም ብዬ ውስጡን አይቼው ቢሆን..." አለች።

መስታወቶቹን የሚቀርጽልን ወርክሾፕ ተራ የሰጠን አንዴ ነው። ንድፉ እስከ 22 ካልደረሰ ተራው ለሌላ ይሰጣል። ይደርሳል አልኳት። ምን አስቀባጠረኝ?

የካቲት 16፣ ቢቸና
ማታ ገባሁ። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል። መብራት ግን አለ... ሶኬቱ ተነቅሏል። ላዩ ላይ ነጠላ! እትዬ ብሩክታይት ነጠላ አልብሰውታል።

"ዛሬ እኮ ኪዳነ ምሕረት ናት፣ እንድሬ። በሬ እንኳ አይጠመድም። እሱስ ምን በወጣው?"

ደሜ ፈላ። ግን እሳቸው ላይ አፌን እከፍታለሁ? ለማፍጠሪያዬ ምስር ወጥ ይዘው ነው የቆሙት። እሳቸው በሑዳዴ፣ እኔ በረመዳን... በላሁ። አኩርፌ ነው የበላሁት ግን።

የካቲት 17
እንደገና ከማስነሳቴ በፊት እስኪ የት ደርሶ ነበር ብዬ ያስቀመጠውን ከፈትኩ። ምስሉ ጥርት ብሏል። ሦስተኛው መስታወት ግን የት ቆሟል? ብርሃኑ በሚያልፍበት መሀል መንገድ ላይ! ወይ ጉድ። ምስሉን አጥራ አልኩት እንጂ ብርሃኑን አትጋርድ አላልኩትም። እሱ ምን ያድርግ፣ የታዘዘውን ነው የሠራው።

ሳይቋረጥ እስከ 22 ቢሄድ ኖሮ የምስሉ ጥራት ቁጥር ያምርልኝ ነበር። በጥድፊያ የንድፉን ስዕል መች አያለሁ? ዝም ብዬ እልከው ነበር። አንዴ በተሰጠን ተራ የማያይ ካሜራ!

ትእዛዙን ጨምሬ አስነሳሁት። ለእትዬ ብሩክታይት ሄጄ ነገርኳቸው፤ ስላኮረፍኩም ይቅርታ አልኩ። "እሷ ናታ፣ ኪዳነ ምሕረት" አሉ።

የካቲት 22
ተላከ። ኔትወርኩ ለትንሽ መጣና ተላከ። አልሐምዱሊላህ።

ግንቦት 16
ንጋት ደወለች። ካሜራው እጇ ከገባ ገና ብዙም አልቆየም። ትናንት የአንዲት እናት ዓይን ሳይጎዳ ደርሳበት ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር ልካቸዋለች። "ያያሉ፣ እንድሬ" አለችኝ። አልቻልኩም፣ አለቀስኩ።

ሁለተኛውን ንድፍ ጀምሬያለሁ፤ ለሕፃናት የሚሆነውን። ዛሬ ግን 16 ነው፣ ኪዳነ ምሕረት፤ ጠዋት ተነስቼ ሶኬቱን ነቀልኩ። ጋቢዬን አለበስኩት።

እትዬ ብሩክታይት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያችን ነጠላ ይዘው ብቅ አሉ። ጋቢውን አዩት። እኔን አዩኝ።

"ቀደምከኝ" አሉ።