ረግረጉን አድርቀው ሙሾ ላወረዱልን ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የዱር እንስሳት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ፣ ምቾትዎና የወንበርዎ ልስላሴ እንደምን ሰንብተዋል? ለሃያ ሁለት ዓመት የረግረጉ ጠባቂ የነበርኩት ሰው በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ። ረግረጉ ስለሌለ የሚጠበቅም የለምና፣ ደብዳቤ መጻፊያ ጊዜ ስለሰጡኝ በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ለአዲሱ አዳራሽዎ ሲባል በፊርማዎ የረግረጉ ውሃ በቦይ መፍሰስ ሲጀምር፣ «ሽመላዎቹ ጫጩት ይዘዋል፤ ሁለት ወር ብቻ ይታገሡን» ብዬ ማመልከቻ ይዤ መጥቼ ነበር። እርስዎም ቀና ሳይሉ «ክንፍ አላቸው አይደል? ይብረሩ!» አሉኝ። ላባ ያላወጣ ጫጩት እንደማይበር የጥበቃ ኃላፊ ያውቃል ብዬ መገመቴ ድፍረት ነበርና ይቅርታ እጠይቃለሁ። በረሃብ የረገፉትን አርባ አንድ ጫጩቶች ከየዛፉ ሥር ለቅመን የቀበርነው እኔና የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ የሆነችው እህቴ ነን።

ሁለተኛ፣ በዓመቱ በዚያው አዳራሽ «ለጠፉ አእዋፍ የኀዘን ግጥም ውድድር» አዘጋጁ። እህቴም ተመዘገበች። ጸሐፊዎ ግጥሟን አይታ «እትዬ፣ ይቺን ስንኝ ተዪያት፤ እሳቸው ከፊት ነው የሚቀመጡት» ብላ ለመነቻት። እህቴ ግን አነበበችው፦

ሽመላዬን ከቶ፣ ሞት ገደላት አልልም፤
ሞት ማኅተም አይይዝም፣ በፊርማ አይገድልም።

ማይክሮፎኑ ወዲያው ተዘጋ። የቀረውን በገዛ ድምፅዋ ጨረሰችው። አዳራሹ ጥሩ ያስተጋባል፤ ከኋላ ወንበር ሆኜ አንድ ቃል አላመለጠኝም።

ሦስተኛ፣ ቀጥሎ እርስዎ «በጣፋጭ ዜማሽ በየማለዳው የምትቀሰቅሺኝ ሽመላ ሆይ» ብለው አነበቡና አለቀሱ፤ አንደኛም ወጡ። ሽመላ ግን አትዘምርም፣ መንቁሯን ታንኳኳለች እንጂ። ድምፁን ሰምተውት ለማያውቁት ሟች እንባ ማፍሰስ የማንም ሰው ችሎታ አይደለም። በሳምንቱ እህቴ «በሥነ ምግባር ጉድለት» ተሰናበተች። ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ስትወጣ «እንኳን አነበብኩት» አለችኝ። ካርቶኑን ተቀበልኳት፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

እንግዲህ ገዳይም፣ አልቃሽም፣ የለቅሶው ተሸላሚም ሆነው ሦስት ሰው ከመቅጠር ስላዳኑን ውለታዎ አይረሳም። ለጫጩቶቹ ከሰጡት የበለጠ ዕድሜ ይስጥዎ።

ከወንበርዎ በታች፣ ከደረቀው ጭቃ በላይ የቆምኩት፣
የቀድሞው ጠባቂ

ማስታወሻ፦ ከአዳራሹ ጀርባ በቀረችው ኩሬ ጥቂት እንቁራሪቶች አሁንም በሕይወት እንዳሉ ሳሳውቅዎ እያፈርኩ ነው። ለመጪው ዓመት ውድድር ርዕስ እንዳይጠፋ ቢፈጥኑ መልካም ነው።